የዝግመተ ለውጥ ዛፍ ትንተና ሥልጠና፦ ተመራማሪዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ምንነት
የዝግመተ ለውጥ ዛፍ ዝርያዎች ከጋራ ቅድመ አያት በምን ቅደም ተከተል እንደተለያዩ የሚያሳይ የዝምድና ሥዕል ነው። ቀደም ሲል በጎጃም የርስት ድርሻ የሚጠይቅ ሰው እስከ አቅኚ አባቱ ድረስ ትውልዱን ይቆጥር ነበር። ተመራማሪው ደግሞ ዝምድናን የሚለካው በዋናነት በዲኤንኤ ልዩነት ነው።

ጠቀሜታ
በደብረ ማርቆስና አካባቢው በስፋት የሚመረተው ጤፍ በቀላሉ ይጋሸባል። ይህን ለማሻሻል ጠቃሚ ባሕርይ ከዱር ዘመዶቹ የሚፈልግ ባለሙያ የትኛው ዘመድ ቅርብ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አማንዳ ኢንግራምና ጄፍሪ ዶይል እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ኢራግሮስቲስ ፒሎሳ የተባለው የዱር ሣር የጤፍ የቅርብ ዘመድ መሆኑን አመልክቷል።

የሥልጠናው ዋና ዋና ይዘቶች
1. ናሙና መምረጥ፤ የተሰበሰበበትን ቦታ፣ ከፍታና ቀን መመዝገብ፤
2. የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎችን ጎን ለጎን አሰልፎ ማነጻጸር፤
3. የዛፉን ሥር ለመለየት ከቡድኑ ውጭ የሆነ ዝርያ ማካተት፤
4. ተስማሚ የለውጥ ሞዴል መርጦ ዛፉን በኮምፒውተር መገንባት፤
5. የቅርንጫፎቹን አስተማማኝነት ቡትስትራፕ በተባለው ዘዴ መፈተሽ። ዘዴው መረጃውን ደጋግሞ፣ ለምሳሌ 1,000 ጊዜ፣ በዕጣ በማውጣት ቅርንጫፉ ስንት ጊዜ እንደተገኘ ይቆጥራል።

ጥንቃቄ
ከፍተኛ የቡትስትራፕ ውጤት ብቻውን የዛፉን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። ጤፍ 40 ክሮሞሶሞች ያሉትና ከሁለት የተለያዩ ቅድመ አያቶች የተገኘ በመሆኑ፣ አንድ የኒውክሊየስ ዘረመል ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ሊኖሩት ይችላል። ቅጂዎቹ ሳይለዩ ከተቀላቀሉ ዛፉ የተሳሳተ ዝምድና ያሳያል። የክሎሮፕላስት ዲኤንኤ በአብዛኛው የእናትን ሐረግ ብቻ ስለሚያሳይ ሁለቱን ዓይነት መረጃዎች ማነጻጸር ያስፈልጋል።

የናሙና ፈቃድ
በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የጄኔቲክ ሀብት ለማግኘት የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። በሀገር ውስጥ ለሚካሄድ ምርምር ኢንስቲትዩቱ ለመንግሥት የምርምርና የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በቀለለ ሥነ ሥርዓት ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። ናሙናን ከሀገር ለማውጣት ግን የመውጫ ፈቃድ ግዴታ ነው። በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በኔዘርላንድስ ተሰጥቶ የነበረው የፈጠራ ባለቤትነት መብት እ.ኤ.አ. በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ መደረጉ የሀገር ሀብትን በሕግ አግባብ መያዝ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ያስገነዝባል።

ስለሆነም ተመራማሪዎች ወደ መስክ ከመውጣታቸው በፊት የምርምር ጥያቄያቸውን፣ የናሙና ዕቅዳቸውንና ፈቃዳቸውን አሟልተው እንዲገኙ ይመከራል።