ጤነኛ ሲባል ስንት ነው? የሐሞት ከረጢት መቆጣትና የቤተ እስራኤል የደም ውጤት

እ.ኤ.አ. በ1987 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የተባለው የሕክምና መጽሔት በኢትዮጵያ አይሁድ (ቤተ እስራኤል) ላይ ስለታየ የነጭ የደም ሴል ማነስ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ቀዳሚው ጸሐፊ አላን ቤረቢ፣ በረሆቮት ከተማ ካፕላን ሆስፒታል የሚሠሩ የደም ሐኪም ነበሩ። ሆስፒታሉ ለገደራና ለያቭኔ ቅርብ ነው፤ ከቅርያት ማላኪም ብዙ አይርቅም። ጽሑፉ የወጣው በዘመቻ ሙሴ፣ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985፣ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የገቡት ሰዎች አገሩን ገና በሚለምዱበት ጊዜ ነው። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተጨመረ። ከመጡት ብዙ ቤተሰቦች በእነዚሁ ሦስት ከተሞች ኑሯቸውን መሠረቱ።

ክስተቱ ለእስራኤል ሐኪሞች ፈጽሞ አዲስ አልነበረም፤ ከየመን በመጡ አይሁድ ላይም ቀደም ብሎ ተመዝግቧል። ሰዎቹ ጤነኞች ናቸው። ተህዋስን የሚዋጉት ኒውትሮፊል የሚባሉት ሴሎች ግን በደማቸው ውስጥ ከተለመደው መጠን ያንሳሉ። በ2009 ዴቪድ ራይክና ባልደረቦቻቸው የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ለሚታየው ለዚህ ዓይነቱ ማነስ ምክንያቱ በዳፊ ዘረመል ላይ ያለ ለውጥ መሆኑን አሳዩ። ይኸው ለውጥ ቪቫክስ የተባለውን የወባ ዓይነትም ይከላከላል።

ጉዳዩ የሚከብደው የሐሞት ከረጢት ሲቆጣ ነው። በሽታው መጀመሪያ የሚፈተሸው በእጅ ነው። ሐኪሙ ከቀኝ ጎድን አጥንት ሥር ጣቱን ጫን አድርጎ በሽተኛውን “ወደ ውስጥ ተንፍስ” ይለዋል፤ ሕመሙ ትንፋሹን መሐል ላይ ካቋረጠው ምልክቱ ተገኝቷል። ምልክቱ የሚጠራው በአሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም በጆን መርፊ ስም ነው። በደም በኩል ደግሞ የሰውነት መቆጣትን የሚያመለክተው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን በ1930 በኒው ዮርክ ተገኘ። በ2007 የወጣው የዚህ በሽታ መመሪያ፣ የቶኪዮ መመሪያ፣ የእጅ ምርመራውን፣ የደም ውጤቱንና አልትራሳውንዱን አንድ ላይ አቀናጀ። ከደም ምልክቶቹ አንዱ በአንድ ማይክሮ ሊትር ከ10,000 የበለጠ የነጭ ሴል ቁጥር ነው።

ይህ መለኪያ ነጭ ሴሉ በተፈጥሮ አነስተኛ የሆነን ሰው ያሳስታል። ለምሳሌ ዘወትር 3,500 ያለው ሰው ሲታመም 7,000 ቢደርስ ቁጥሩ እጥፍ ሆኗል፤ የላብራቶሪው ወረቀት ግን “ደህና” ይላል። ሳይታመምም 3,500 ሆኖ ቢገኝ ያው ወረቀት ቁጥሩን ዝቅተኛ ብሎ እንደ በሽታ ምልክት ይቆጥርበታል። ስለዚህ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲንና አልትራሳውንድ የበለጠ ሚዛን ይደፋሉ፤ የጉበት ምርመራዎችም የሐሞት ጠጠር ወደ ሐሞት ቱቦ ወርዶ እንደሆነ ይጠቁማሉ።

የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ በ1995 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የእስራኤል ነዋሪ ሁሉ ከአራቱ ኩፓት ሆሊሞች (የጤና መድን ድርጅቶች) በአንዱ ይታቀፋል። ለገደራው ወይም ለያቭኔው ሕመምተኛ ከመጽሔቱም ከመመሪያውም ይልቅ የሚረዳው እዚያ የተቀመጠው የራሱ የቀድሞ ውጤት ነው። የዛሬው ቁጥር ትርጉም የሚያገኘው ሰውየው ጤነኛ ሳለ ከነበረው ጋር ሲተያይ ብቻ ነው።