ቁራኝነት፦ ኖታን ከመጻፊያው ጋር የሚያስር ሰንሰለት

በኮምፒውተር ሙያ «ቬንደር ሎክ-ኢን» የሚባል ነገር አለ። አንድ ሰው በአንድ ኩባንያ ሶፍትዌር ለዓመታት ሲሠራ ይኖራል፤ ፋይሎቹ ይበዛሉ፤ እጁም ያንኑ ይለምዳል። ኋላ የተሻለ ወይም ዋጋው የቀነሰ ሌላ ሶፍትዌር ሲመጣ ግን መሻገር ያቅተዋል፤ የሠራው ሁሉ በአዲሱ አይከፈትምና። ለዚህ ሁኔታ «ቁራኝነት» የሚል ስም አቀርባለሁ። የማስረዳውም በኖታ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ገና ኖታ ላይ ያልወረደ ብዙ ዜማ አለ፤ ሥራው ሳይጀመር መሣሪያውን ማወቅ ይበጃል።

ስሙ የተወሰደው «ቁራኛ» ከሚለው ነው፦ በቀድሞው የአገራችን ዳኝነት ባለዕዳና ባለገንዘብ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ዛሬም «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የምንለው ከዚያ የተረፈ ነው። «መቆለፍ» ብንለው ተጠቃሚው መውጫ ያጣ ይመስላል፤ እሱ ግን መሄድ ይችላል፤ የሚቀረው ሥራው ነው። «ጥገኝነት» የሚለውም ይላላል፤ «ቁርኝት» ደግሞ ዛሬ የፍቅር ቃል ሆኗል። ቁራኝነት ይሻላል፤ አንድ ልዩነት ግን መታወቅ አለበት። የድሮው ሰንሰለት ሁለቱንም ወገን ይይዝ ነበር። በሶፍትዌር ቁራኝነት ኩባንያው በፈለገው ቀን ፈትቶ ይሄዳል፤ ታስሮ የሚቀረው ተጠቃሚው ብቻ ነው።

ይህ በፊናሌ ላይ ሲሆን ዓለም አይቷል። ፊናሌ እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ውስጥ ወጥቶ የብዙ አሳታሚዎችና የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ዋና መጻፊያ የነበረ ሶፍትዌር ነው። ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ባለቤቱ ሜክሚውዚክ ከእንግዲህ እንደማያሳድገውና እንደማይሸጠው አስታወቀ። በመጀመሪያው ማስታወቂያ ከአንድ ዓመት በኋላ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ማስፈቀድ እንደማይቻልም ተነግሮ ነበር፤ ተጠቃሚዎች ሲጮሁ ይህ ክልከላ ተነሳ። በእጃቸው ለዓመታት የተጻፈ ኦርኬስትራ፣ መዝሙርና የማስተማሪያ ኖታ የነበራቸውን ሰዎች ኩባንያው በ149 ዶላር ዶሪኮ ወደተባለ ሌላ የኖታ መጻፊያ እንዲሻገሩ ጋበዛቸው። ፋይሎቹ ግን በዶሪኮ በቀጥታ አይከፈቱም ነበር።

ዶሪኮ ራሱ የተወለደው ከሌላ መፈታት ነው። ቤንና ጆናታን ፊን የተባሉ እንግሊዛውያን መንትዮች ሲቤሊየስ የተባለውን የኖታ መጻፊያ እ.ኤ.አ. በ1993 አወጡ፤ በ2006 አቪድ የተባለ ኩባንያ ገዛው። አቪድ በ2012 የለንደኑን ቢሮ ሲዘጋ ሶፍትዌሩን ያሳደጉት ባለሙያዎች ከሥራቸው ወጡ። የጀርመኑ ኩባንያ ስታይንበርግ ሰበሰባቸውና በ2016 ዶሪኮን ይዘው ብቅ አሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የሲቤሊየስን ነፍስ የሚያውቁት ሰዎች ሲሄዱ የተጠቃሚው ፋይል አብሯቸው አልሄደም። ሲቤሊየስ ዛሬም ይሸጣል፤ ብዙ ሰው በውስጡ የሚቆየውም የቀድሞ ሥራውን ትቶ መሄድ ስለሚከብደው ጭምር ነው።

ሙዝስኮር ከእነዚህ የተለየ መንገድ ይዟል። ጀርመናዊው ቨርነር ሽዌር እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ይህ መጻፊያ በነጻ የሚገኝ ነው፤ የተሠራበት ኮድም ለማንም ክፍት ነው። በ2022 መጨረሻ የወጣው አራተኛው እትም ብዙ ሰው አስከትሏል። ከኮድ መከፈት አንድ ትልቅ ነገር ይገኛል፦ ባለቤቱ ነገ ቢተወው ሌላ ሰው አንስቶ ሊቀጥለው ይችላል።

የቁራኝነት መድኃኒቱ ሚውዚክ ኤክስኤምኤል የሚባለው መሸጋገሪያ ቅርጽ ነው። ማይክል ጉድ የተባለ አሜሪካዊ የቀመረው ሲሆን የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ፤ ከ2015 ጀምሮ የሚያስተዳድረው የድረ-ገጽ ደረጃዎችን በሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር ስር ያለ ቡድን ነው። በዚህ ቅርጽ የተቀመጠ ኖታ ከአንዱ መጻፊያ ወጥቶ በሌላው ይገባል። ፍጹም ግን አይደለም። የድምፆቹ ስም፣ ርዝመትና ግጥሙ በደህና ይሻገራሉ፤ የገጹ አቀማመጥና በእጅ የተጨመሩ ልዩ ምልክቶች ብዙ ጊዜ ይዛባሉ።

አሁን ወደ ደጋው። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ አንድ የኪነት ቡድን አሰልጣኝ የአካባቢውን የሠርግ ዘፈን፣ ፉከራና የእረኛ ዋሽንት በኖታ ልጻፍ ቢል ምን ይገጥመዋል? በወር ወይም በዓመት በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ሶፍትዌር ከጅምሩ አይሆነውም። ሲቤሊየስና ዶሪኮ ነጻ እትም አላቸው፤ የመሣሪያው ብዛት ግን የተገደበ ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በነጻ የሚገኝ፣ ፋይሉ የማይዘጋበት መጻፊያ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ሙዝስኮርን እመርጥለታለሁ። ከዚህም በላይ ጥንቃቄ ይሻል። የአንቺ ሆዬ ቅኝት በፒያኖው አሥራ ሁለት እኩል እርከን ላይ ልክክ ብሎ አይቀመጥም። የበገናን የሚነዝር ድምፅ፣ ቆዳው ከአውታሩ ስር የሚሰጠውን ንዝረት፣ ኖታ ጨርሶ አይይዘውም። የድምፅ ቅጂው ከኖታው ጋር አብሮ መኖር አለበት።

ያለ ቁራኝነት የተጻፈ ዜማ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ የቤተ ክርስቲያንን ድጓ ይመልከት። በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት በትውፊት የሚነገርለት የምልክት ሥርዓት ከግእዙ ንባብ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት ይሰፍራል። ከሞፈር ውሃ ማዶ፣ የመንዝ ጎረቤት ተጉለት፣ ከቤተልሔም፣ ከቆማና ከአጫብር ጋር በስሙ የሚጠራ የራሱ የዜማ ይትበሃል አለው። ይትበሃሉ ቢለያይም ምልክቱን የተማረ መሪጌታ ማንም የጻፈውን ብራና ገልጦ ያዜማል፤ ፈቃድ የሚጠይቀው ኩባንያ የለም።

ይህ ሀብት ወደ ኮምፒውተር ለመግባት ግማሽ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የዩኒኮድ (ለፊደላት በኮምፒውተር መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) እትም ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ የተባሉትን ምልክቶች ከሁለት ተጓዳኝ ቅርጾች ጋር፣ በድምሩ 10፣ የራሳቸው መለያ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ቁጥሩ የማንም ንብረት አይደለም። ሆኖም እያንዳንዱ ምልክት ራሱን ችሎ የሚቆም ፊደል ስለሆነ በራሱ ከንባቡ በላይ አይወጣም፤ የሚያስቀምጠው ጽሑፍ አደራጅ ሶፍትዌር ነው። ተማሪው ምልክቱን በፎቶ ወይም በአንድ ሰው በሠራው የተለየ ፎንት ካሰፈረው ድጓው ዳግመኛ ቁራኛ ይሆናል። ፎንቱ ሲጠፋ ምልክቱ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የደጋውን ዜማ ለመጻፍ የተነሳችሁ አሰልጣኞች፣ መምህራንና የአብነት ተማሪዎች፦ በምትመርጡት መጻፊያ ሁሉ ሥራችሁን ከፋይሉ ሌላ በሚውዚክ ኤክስኤምኤልና በፒዲኤፍ አስቀምጡ፤ የድምፅ ቅጂውን ጨምሩበት፤ የዜማ ምልክቶችን በዩኒኮድ ብቻ ጻፉ። አንድ ቅጂም ከእናንተ ኮምፒውተር ውጭ፣ በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ አስረክቡ።