መጨረሻ የነካው ማነው?

ፕሮግራመሮች «ጊት ብሌም» የምንለው ትዕዛዝ አለን። አንድ የኮድ መስመር ሲበላሽ መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ ስሙን ያወጣልሃል። ሥራ ስጀምር ስሙ የወጣው ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ይመስለኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን ሰውየው እጁን ያሳረፈው ቀድሞ በተበላሸ ነገር ላይ ነው።

ጥር 2015 የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲነገር እኛም ስም ፍለጋ ገባን። 896,520 ተማሪ ተፈትኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ ነበር፤ 3.3 በመቶ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለተሰጠ እንደ በፊቱ መኮራረጅ አልተቻለም። ተማሪው «ስልክ ላይ ተጥዶ» ተባለ። ከዚያ ዱላው መምህሩ ላይ አረፈ፤ እዚያው ቆመ።

እኔ ግን እዚያ መቆም አልቻልኩም። እነዚያ ተፈታኞች አንደኛ ክፍል የገቡት በ2003 አካባቢ ነው። ፊደል ያስቆጠራቸው መምህር እንዴት መምህር ሆነ? በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ልጆች አስረኛ ክፍል ላይ አገር አቀፍ ፈተና ይወስዱ ነበር። ጥሩ ያመጣ መሰናዶ ይገባል። ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መምህራን ኮሌጅ። በቃ፣ የሚቀጥለውን ትውልድ መሠረት ለማስያዝ የላክነው ፈተናው የጣለውን ልጅ ነው። ፖሊሲው ለሚሊዮኖች በር መክፈቱን አልክድም፤ እናቴ ያላገኘችው በር ነው። በሩን ከፍቶ የሚቀበለውን ሰው ግን ረሳው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በፕላዝማ መጣና መምህሩን ቴሌቪዥን አብሪ አደረገው።

መምህራን ዝም ብለው ነበር እንዴ? በፍጹም። በየካቲት 1966 «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን እቅድ ተቃውመው ሥራ አቁመዋል። እቅዱ አብዛኛው ልጅ አራት ዓመት ተምሮ እንዲበቃው የሚል ነበርና የድሃ ልጅ ተስፋ ሊዘጋ ነው አሉ፤ የደመወዝ ጥያቄም ነበራቸው። መንግሥት እቅዱን አቆየው። መስከረም ላይ ንጉሡም ወረዱ። እኔ እስከማውቀው የኢትዮጵያ መምህር ፖሊሲን «አይሆንም» ብሎ ያሸነፈው ያኔ ብቻ ነው።

የኋላውን መንግሥት ሲጋፈጡ ግን የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ታሰሩ። የማኅበሩ መሪ አሰፋ ማሩ በ1989 አዲስ አበባ መንገድ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ክፍሉ የሚናገረው ከክፍሉ ውጪ ያለ ሰው ሆነ። ለእኔ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው፤ መምህሩን አፉን ከዘጋን በኋላ «ለምን አልነገርከንም» እንለዋለን።

እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁም። አስረኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ እኔ መሰናዶ ገባሁ፤ አብሮኝ ይቀመጥ የነበረ ጓደኛዬ መምህራን ኮሌጅ ደረሰው። ፎርሙን ይዞ ሲመጣ «ቲቸር! ቾክህን እንዳትረሳ» ብለን ሳቅንበት። እሱም አብሮን ሳቀ። ባለፈው ክረምት አገር ቤት ስሄድ አገኘሁት። ሦስተኛ ክፍል ያስተምራል፤ ስድሳ ሁለት ልጅ አለው። ምሳ ልጋብዝህ ስለው ደብተር ማረም አለብኝ ብሎ ሄደ።