ለሕዝባቸው ድምፅ ፊደል የቀረጹት ሼኽ

በእንጅባራ ወይም በዳንግላ የምትኖሩ ከሆነ የአዊን ሕዝብ ቋንቋ ስም ከተናጋሪው አፍ አድምጡት። በመካከሉ «ን»ም «ኝ»ም «ግ»ም ያልሆነ፣ ከምላስ ሥር ተነሥቶ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ አለ። የአማርኛ ፊደል ገበታ ይህን ድምፅ ስለማያውቅ አንዱ «አውንጊ»፣ ሌላው «አውኚ» እያለ ይጽፈዋል። ለአገው ቋንቋዎች ጽሕፈት ከ«ገ» ላይ «ጘ» የተባለ ሆሄ የተበጀውም ለዚሁ ነው። በአንጻሩ አማርኛ የሚኮራባቸው «ጠ»ና «ጨ» ከአዊኛ የራሱ ድምፆች ውስጥ የሉም።

ይህ ነገር በመድረሳ ለተማረ ሰው እንግዳ አይሆንም። ተጅዊድ የሚቀራ ልጅ መኽረጁን፣ ማለትም ድምፁ የሚወጣበትን ቦታ፣ ለይቶ እንዲያውቅ ይደረጋል። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የበስራው ሊቅ ኸሊል ኢብን አሕመድ መዝገበ ቃላቱን በአሊፍ አልጀመረም፤ ከጉሮሮ ተነሥቶ ወደ ከንፈር ስለ ሄደ በ«ዐይን» ጀመረ፣ መጽሐፉም «ኪታቡል ዐይን» ተባለ። ተማሪው ሲበወይህ የዐረብኛን መኽረጆች 16 ብሎ ቆጠረ።

ድምፅን እንደ ወደደ የመምረጥ ነጻነት ያለው ቋንቋን ከባዶ ለሚፈጥር ሰው ብቻ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ የኖረው ቱርካዊው ሱፊ ሙሕዪ ጉልሸኒ «ባለይበለን» የተባለ ቋንቋ ፈጥሮ፣ ቱርክኛ ይጻፍበት በነበረው የዐረብኛ ፊደል ጽፎታል። በድምፁ «ተሳስተሃል» የሚለው አልነበረም፤ ቋንቋው የተወለደበት ሕዝብ የለውምና።

ሕዝብ ለሚናገረው ቋንቋ ፊደል የሚያበጅ ግን የተናጋሪው አፍ አዛዡ ነው። በወሎ እነ ሼኽ ጦልሃ ብን ጃዕፈር የአማርኛ ግጥማቸውን በዐጀሚ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል፣ ጽፈዋል። ፈትሓ፣ ከስራና ዶማ ሦስት ናቸው፤ የአማርኛ አናባቢ ሰባት ነው። ስለዚህ አማርኛ የማያውቅ ሰው ፊደሉን ቢለይም ንባቡን አያገኘውም። ነገር ግን (ይህ ሲዘነጋ አያለሁ) ዐረብኛ ሸዳ አለው፣ የግዕዝ ፊደል ግን የለውም። «አለ» ብዬ ብጽፍላችሁ «ተናገረ» ማለቴ ይሁን «ይገኛል» በምን ታውቃላችሁ?

እንዲህ ያለውን ጉድለት ከሁሉ ይልቅ አጥርተው ያዩት እ.ኤ.አ. በ1895 በሐረርጌ የተወለዱት ዓሊም ሼኽ በክሪ ሳጳሎ ናቸው። ኦሮምኛ አምስት አናባቢዎች አሉት፤ እያንዳንዱ አጭርና ረጅም ስለሚሆን አሥር ይሆናሉ። «ላፋ» የሚለው ቃል አናባቢዎቹ ሲያጥሩ ምድር፣ ሲረዝሙ ለስላሳ ማለት ነው። የግዕዝ ፊደል ይህን አይለይም። ዐረብኛ መድ ቢኖረውም ለ«ኤ»ና ለ«ኦ» የተለየ ምልክት የለውም፤ «ዸ»ም የለውም። በራሳቸው በሼኹ መጠሪያ ውስጥ ያለችው «ጳ» እንኳ በዐረብኛ ፊደል ቦታ የላትም።

እ.ኤ.አ. በ1956 ከሁለቱም ያልተቀዳ የራሳቸውን ፊደል ቀረጹ፤ አጭሩንና ረጅሙን አናባቢም ለዩበት። ዕድሜያቸውን በኪታብ ያሳለፉ፣ የኦሮሞን ታሪክ በዐረብኛ የጻፉ ሰው የዐረብኛው ፊደል ለአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አይበቃም ብለው መወሰናቸው በእኔ አስተያየት ፊደሉን ከመቅረጻቸው የበለጠ ድፍረት ነው። የሚወዱትን ነገር ልክ ማወቅ ለብዙ ሰው አይሆንለትም።

ፊደሉን ማስተማር ሲጀምሩ ተቀባይ አላጡም። የጊዜው መንግሥት ግን በጥርጣሬ ተመልክቶ ከለከላቸው፤ ሼኹም ወደ ድሬዳዋ ተወስደው በቁም እስር ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1978፣ በደርግ ዘመን፣ ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ፤ በ1980 በስደተኞች መጠለያ ውስጥ ሳሉ ወደ አኺራ ሄዱ።

በ1991 ኦሮምኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ሲወሰን፣ ረጅሙ አናባቢ ሆሄው ተደጋግሞ እንዲጻፍ ሆነ። ሼኽ በክሪ ለዚሁ ርዝመት ምልክት ካበጁ 35 ዓመት ሆኗቸው ነበር።