ትክክለኛው ፓስዎርድ ለምን አላስገባኝም?

የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ እያለሁ የአንድ ሰርቨር የሩት ፓስዎርድ ጠፋብን። «ጠፋብን» የምለው ለክብሬ ነው፤ የጠፋው ከእኔ ነው። ሁሉም ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ማሽኑን በአደጋ ጊዜ መነሻው አስነሥቼ አዲስ ፓስዎርድ ሰጠሁትና ሪስታርት አደረግኩ። ጥቁሩ ስክሪን መጣ፣ «ሎግኢን» አለኝ፣ ጻፍኩ። አይሆንም። ደገምኩ። አይሆንም። ካፕስ ሎክ አልተጫነም፤ ፓስዎርዱም ትክክል ነበር። የከለከለኝ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለመረዳት ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ያቺ ጥቁር ስክሪን ላይ ስም የምትጠይቃችሁ ፕሮግራም ጌቲ ትባላለች። ስሟ «ቴሌታይፕ አምጣ» እንደማለት ነው። በ1971 ቤል ላብስ ውስጥ ዩኒክስ ገና ጨቅላ እያለ ተርሚናል ማለት ስክሪን ሳይሆን ወረቀት ላይ እየተንኳኳ የሚጽፍ ማሽን ነበር። ታዋቂው ሞዴል 33 በሰከንድ 10 ፊደል ብቻ ይጽፍ ነበር። ጌቲ መስመሩን ትከፍታለች፣ ፍጥነቱን ታስተካክላለች፣ ስማችሁን ትቀበላለች፣ ከዚያ ቦታዋን ሎግኢን ለሚባለው ፕሮግራም ትለቃለች። ፓስዎርድ የሚጠይቀው እሱ ነው። ቴሌታይፑ ሙዚየም ገባ፤ ቅብብሉ ግን ዛሬም ሊነክስ ላይ ያው ነው።

ችግሩ ሁለቱም የሚሠሩት በሩት ሥልጣን መሆኑ ነው። በድሮው የዩኒክስ ሕግ ሩት የሆነ ሁሉን ይችላል። የመስመር ፍጥነት ከማስተካከል ያለፈ ሥራ የሌላት ጌቲ፣ አንድ ሰው ቀዳዳ ካገኘባት የፓስዎርዱን ፋይል አንብባ ልታስረክበው ትችላለች። የግቢ በር እንዲከፍት የተቀጠረ ዘበኛ የካዝናውንም ቁልፍ በኪሱ ይዞ እንደሚዞር አስቡት።

በዚህ በር በኩል ነገር ሲበላሽ ደግሞ ታይቷል። በ1966 ኤምአይቲ ውስጥ ሲቲኤስኤስ በሚባለው ሲስተም ላይ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ፋይል ሲያርሙ ጊዜያዊ ፋይሎቻቸው ተምታቱ። የዕለቱ መልእክት ሊወጣበት በሚገባው ቦታ የሁሉም ተጠቃሚ ፓስዎርድ፣ ሎግኢን ላደረገ ሰው ሁሉ ይታተም ጀመር። ሰርጎ ገብ የለበትም፣ ክፋት የለበትም። እኔ ይህን ታሪክ ከብዙ የሀከር ታሪክ የበለጠ እፈራዋለሁ።

መፍትሔው የመጣው ከወታደሩ ዓለም ነው። በ1970ዎቹ ዴቪድ ቤልና ሌናርድ ላፓዱላ ለአሜሪካ አየር ኃይል በሠሩት ጥናት ሐሳቡን በሒሳብ አስቀመጡት፦ ማን ምን ማንበብ እንደሚችል የሚወስነው የፋይሉ ባለቤት ሳይሆን ሲስተሙ ራሱ ይሁን፤ ባለቤቱም ቢፈቅድ አይሻርም። ሐሳቡ ለረጅም ጊዜ ውድ በሆኑ የመንግሥት ማሽኖች ውስጥ ተቀምጦ ቆየ። በታኅሣሥ 2000 የአሜሪካው ኤንኤስኤ ኤስኢሊነክስን ከነኮዱ ለሕዝብ ለቀቀው (አዎ፣ ያው ሰላዩ ድርጅት፤ ያኔም ብዙ ሰው ቅንድቡን ከፍ አድርጓል)። በ2003 ዋናው የሊነክስ ከርነል ውስጥ ገባ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፋይልና እያንዳንዱ ፕሮሰስ መለያ ይለጠፍበታል። ጌቲ የራሷ መለያ አላት፤ ፖሊሲው ተርሚናሉን እንድትከፍትና ሎግኢንን እንድታስነሣ ይፈቅድላታል። ፓስዎርዶቹ ያሉበትን ሻዶ የሚባል ፋይል ግን፣ ሩት ብትሆንም፣ አታነብም። ጌቲ ሎግኢንን ስታስነሣ ከርነሉ መለያውን ይቀይራል፤ አሁን ሻዶን ማንበብ ይቻላል። ፓስዎርዱ ትክክል ከሆነ ሎግኢን ተርሚናሉን የእናንተ ብሎ መለያውን ይቀይርና ሼሉን በእናንተ መለያ ያስነሣል። ያልተፈቀደ ሁሉ ክልክል ነው።

ይህ ሁሉን አይፈታም። ኬን ቶምፕሰን በ1984 እንዳሳየው፣ ኮምፓይለሩ ራሱ ከተመረዘ ኮዱ ንጹሕ መስሎ እያለ ሎግኢን ውስጥ ሚስጥራዊ በር ሊተከል ይችላል። ሎግኢን ሻዶን እንዲያነብ ፖሊሲው የፈቀደለት ነውና፣ ዋሾ ከሆነ መለያ አያድናችሁም። ፖሊሲው የሚያጠበው ጉዳቱ የሚደርስበትን ስፋት ነው።

ለሰው መልመድም ቀላል አልነበረም። ፌዶራ በ2004 ጥብቁን ፖሊሲ ሲሞክር ብዙ ነገር ስለተሰበረ፣ በዚያው ዓመት በተመረጡ አገልግሎቶች ላይ ብቻ ወደሚያተኩር ፖሊሲ ዞረ። ዛሬም ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት የመጀመሪያ ምክር «አጥፋው» ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ግን ከ2014ቱ 5.0 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በእሱ ነው የሚሠራው፣ ማንም ሳያማርር።

ወደ እኔ ምሽት ስንመለስ፦ በአደጋ ጊዜ መነሻው ፖሊሲው ገና አልተጫነም ነበር። ፓስዎርዱን ስቀይር ሻዶ እንደ አዲስ ተጻፈ፣ ግን መለያ ሳይለጠፍበት። ማሽኑ በወጉ ሲነሣ ሎግኢን መለያ የሌለው ፋይል አገኘ፤ እንዲያነበው ደግሞ አልተፈቀደለትም። ስለዚህ የእኔን ትክክለኛ ፓስዎርድ የሚያመሳክርበት ነገር አልነበረውም።

እውነቱን ለመናገር እኔም «አጥፋው» የሚለውን ጽፌ ጨርሼ ኢንተር ልጫን ነበር። ከዚያ ተውኩትና መለያዎቹን ሁሉ እንደገና እንዲለጥፍ የሚያዝዘውን ባዶ ፋይል ፈጥሬ አስነሣሁት። ፋይል በፋይል እየለጠፈ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፣ ታክሲ እስኪጠፋ ድረስ። ከዚያ ራሱ ሪስታርት አደረገና ጌቲ ስሜን ጠየቀችኝ።