እድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ

እድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ የከተማ ተማሪዎችን ከመምህራን ጋር ወደ ገጠር ያሰማራበት ዘመቻ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1968 ዓ.ም. አበቃ። የዘማቾቹ ቁጥር ወደ 60,000 ይጠጋል፤ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ እንዲሁም የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ያልዘመተ ትምህርቱን መቀጠልም ሆነ ሥራ መያዝ አይችልም ነበር።

ዓላማው ማንበብና መጻፍ ማስተማር፣ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ስለ ጤና ማስረዳትና ገበሬውን ማደራጀት ነው ተባለ። ብዙ ተማሪዎች ግን ሕዝባዊ መንግሥት እንዲቋቋም ይጠይቁ ስለነበር፣ ዘመቻውን ከአዲስ አበባ ማራቂያ አድርገው አዩት። ጥርጣሬያቸው መሠረት አልነበረውም ለማለት ያስቸግራል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ «መሬት ለአራሹ» እያሉ የጮሁለት ጉዳይ በእጃቸው ገባ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ተፈቀደ፤ የገበሬ ማኅበር የሚቋቋመው ቢያንስ በ800 ሄክታር (20 ጋሻ) ላይ ሆነ። ማኅበራቱን በየቦታው በማቋቋም ዘማቾች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

በወለጋ ሁኔታው የራሱ መልክ ነበረው። የነቀምቴው ገዥ ኩምሳ ሞረዳ ለአፄ ምኒልክ ገብረው አካባቢያዊ ሥልጣናቸውን ስላቆዩ፣ በነቀምቴ ዙሪያ፣ ዛሬ ዲጋ ወረዳ ያለበትን ጨምሮ፣ ባለመሬቱ ከውጭ የመጣ ሰው ብቻ አልነበረም። የገበሬው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ዘማች ያለ አስተርጓሚ ብዙ አይራመድም። የዘመቻው መማሪያ በኦሮምኛም በግዕዝ ፊደል ተዘጋጅቷል። ይህ ለወለጋ እንግዳ አልነበረም፤ ኦነሲሞስ ነሲብ በኦሮምኛ የተረጎሙት መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 በዚሁ ፊደል ታትሟል።

ብዙ ዘማቾች ከአዋጁ አልፈው መሄድ ፈለጉ፦ መሬቱ በጋራ ይታረስ፣ ገበሬው ይታጠቅ አሉ። ባለመሬቶች፣ ፖሊስና የአስተዳደር ሹሞች ተቃወሟቸው። በጅማ አካባቢ በተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ። ደርግም ከዘማቾቹ ጎን አልቆመም። ብዙዎች ጣቢያቸውን ጥለው ወደ ከተማ ተመለሱ፣ አንዳንዶቹ ከአገር ወጡ፤ ከተመለሱት ብዙዎች ወደ ኢሕአፓ ገቡና በቀይ ሽብር አለቁ።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዳግመኛ ተማሪዎችን ወደ ገጠር አሰማራ፤ የማስተማሪያ ቋንቋዎቹም በሂደት 15 ደረሱ።