ድሮስ

ድሮስ በእንግሊዞች ቋንቋ፣ ማዕድን በእሳት ቀልጦ ሲነጠር ከንጹሑ ክፍል የሚለየውን እድፍ፣ ከዚያም በምሳሌ ዋጋ የሌለውን ከንቱ ነገር ሁሉ የሚያመለክት ጥንታዊ ቃል ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ አተላ ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን በዕለት ንግግር እምብዛም አይሰማም፤ የሚናገረው ወይ ማዕድን አቅላጭ ነው፣ ወይ መጽሐፍ አዘውትሮ የሚያነብ ሰው።

ለቃሉ ግርማ የሰጠው በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 22 የእስራኤል ቤት ድሮስ ሆነ ተብሎ በከውር ውስጥ ባሉ በናስና በቆርቆሮ፣ በብረትና በእርሳስ ሲመሰል፣ ምሳሌው የተወሰደው ከብር አንጣሪዎች ሥራ ነው፤ እነርሱ ብር የያዘውን እርሳስ አቅልጠው ወናፍ ሲነፉበት፣ እርሳሱ ከአየሩ ጋር ተዋሕዶ ሌሎቹንም ተራ ማዕድናት ይዞ ይለያል፤ አየር የማያሸንፈው ብር ብቻውን ይቀራል። ሼክስፒርም በ146ኛው ሶኔቱ ነፍስን ሲመክር፣ ለሥጋ የሚባክኑትን ሰዓቶች በዚሁ ቃል ይጠራቸዋል።

የማዕድን ሊቃውንት ድሮስን ከስላግ ይለያሉ፤ ስላግ ቀልጦ የሚፈስ ሲሆን፣ ድሮስ ግን ጓጉሎ እንደ ጠጅ ሰፈፍ በላይ የሚንሳፈፍ ነው። ለምሳሌ አሉሚንየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚለብሰው ቅርፊት ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥምና፣ ሠራተኛው በረጅም ጭልፋ ሲገፍፈው ብዙ ደኅና አሉሚንየም አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ፋብሪካዎች ድሮሱን ገና በትኩስነቱ ጨምቀው ማዕድኑን ያስመልሳሉ።

እድፍነቱም ቢሆን ከነገሩ ባሕርይ ይልቅ ከፈላጊው ሐሳብ የሚመነጭ ነው። እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ፓርክስ በ1850 እ.ኤ.አ. ፓተንት ባወጣበት ዘዴ፣ በቀለጠ እርሳስ ላይ ዚንክ ሲጨመር በእርሳሱ ውስጥ ተሰውሮ የነበረው ብር ከዚንኩ ጋር ተባብሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የሚገፈፈው ቅርፊት ከሚቀረው ይልቅ የከበረ ይሆናል። ብረት በዚንክ በሚለበጥበትም ገንዳ፣ ከብረቱ የሚሟሟው ጥቂት ክፍል ከዚንኩ ጋር ተዋሕዶ ይከብድና ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ባይንሳፈፍም እንግሊዞቹ ድሮስ ማለታቸውን አልተዉም። ይህንኑ ዝቃጭ ሌሎች ፋብሪካዎች እየገዙ በእሳት አትንነው ለጎማና ለቀለም ሥራ የሚሆን ነጭ ዱቄት ያወጡበታል።